ልደታን ጠብቅ

ቅዳሜ ዕለት ከመኪናህ ስታወርድ አይቼሃለሁ፤ ስድስት የቲማቲም ችግኝ፣ ሁለት ቃሪያ፣ አንድ ደግሞ ሰማያዊ አበባው ግጥም ብሎ የፈነዳ ሃይድሬንጃ። ባለቤትህም መስኮት ሥር ከዘር ያበቀለችውን በሶብላ ፀሐይ ይንካው ብላ በረንዳው ላይ ደርድራዋለች። ጊዜው የማርች አጋማሽ ነው፤ ሙቀቱ ግን 76 ፋራናይት ደርሷል። ልጅህን ትከሻህ ላይ አድርገህ «ጋሼ፣ ክረምቱ ለቀቀን እኮ!» አልኸኝ። እኔም «ተመስገን» ብዬ አለፍሁ።

ማለፌ ልክ አልነበረም። በመጀመሪያ ቤትህ፣ በመጀመሪያ ጓሮህ እንዲያ ደስ ብሎህ ሳይህ ቃል ከአፌ አልወጣ አለ እንጂ፣ ልነግርህ የሚገባ ነገር ነበረኝ። ሽማግሌ እያየ ዝም ሲል ያስወቅሳል። ስለዚህ ጻፍሁልህ፤ ወደ ሆስፒታሉ የሌሊት ሥራህ ሳትወጣ ታነበዋለህ።

ይህን አገር ከረገጥሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ከዚያ ውስጥ ሃያ ሁለቱን የሠራሁት እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ፣ አበባና ችግኝ እያፈላ በሚሸጥ ድርጅት ነው። አፈር ሞልቻለሁ፣ ውሃ አጠጥቻለሁ፣ ጭኛለሁ፣ አራግፌያለሁ፤ ኋላ ላይ እንግሊዝኛው ሲፈታልኝ ደግሞ የገዢዎች አማካሪ ሆንሁ። በየዓመቱ ማርች ላይ የሚመጣው ሰው አንተን ይመስላል፤ ፊቱ በርቶ ይገባል፣ ጋሪ ሙሉ ገዝቶ ይወጣል። ኤፕሪል ላይ ያው ሰው ፊቱን አጥቁሮ ይመለስና «የሸጣችሁልኝ የታመመ ችግኝ ነው ወይ?» ይላል። ችግኙ ጤነኛ ነበር። ከሞቀ ቤት ወጥቶ ውርጭ ላይ አደረ እንጂ። አለቆቼ ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። በማርች ቲማቲም አውጥቶ መደርደር አንድን ችግኝ ሁለት ጊዜ መሸጥ ነው፤ አንዴ በማርች፣ አንዴ ደግሞ የመጀመሪያው ሲሞት በሜይ። እኔም ደመወዜን ከዚያው በላሁ፤ አልዋሽህም።

ውርጭን ያወቅሁት ግን እዚህ አይደለም። የተወለድሁት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር የሚጠጋ ደጋ ላይ። በእኛ አገር አበባ ከዝናብ ጋር ይመጣል፤ መስከረም ሲጠባ ሜዳው አደይ ይለብሳል፣ ባቄላውም ያብባል። ደመናው ሲገፈፍ ውርጩ ይከተላል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለወግ አይደለም። አባቴ ባቄላ የሚዘራው ከተረተሩ ወገብ ላይ፣ ጭንጫ መሬት ላይ ነበር። ታች ያለውን ረባዳ ለሣር ይተወዋል። አንድ ዓመት አጎቴ «ይህን የመሰለ አፈር እንዴት ጦሙን ያድራል?» ብሎ ረባዳው ላይ ባቄላ ዘራ። አማረ። ከእኛ ባቄላ በክንድ በለጠ። ነጭና ጥቁር አበባው ሲፈነዳ፣ ንቡ ሲተራመስበት መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያደንቀው ጀመር። አባቴ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ዝምታው ወደ እኔ የመጣው ከሱ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ማለዳ ሜዳው ነጭ ሆኖ አደረ። ከብት ላወጣ ስወርድ አመዳዩ ከእግሬ ሥር ኩርሽም ኩርሽም ይላል። ፀሐይ ወጥታ ነጩ ሲቀልጥ የአጎቴ ባቄላ ውሃ ገብቶ የወጣ የተቀቀለ ጎመን መሰለ፤ በሦስተኛው ቀን ጠቆረ። ከላይ ያለው የእኛ ባቄላ ምንም አልሆነም። በሁለቱ መሐል መቶ እርምጃ እንኳ አይሞላም። አባቴ ያኔ ብቻ «ብርድ እንደ ውሃ ነው፤ ቁልቁል ይወርዳል፣ ጎድጓዳ ሲያገኝ ይተኛል» አለኝ። ይህንኑ ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ እዚህ በሥልጠና ላይ በሥዕልና በቀስት አሳዩኝ። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ይከብዳል፤ ሌሊት ከዳገቱ እየተንሸራተተ ወርዶ ዝቅታው ላይ ይጠራቀማል፤ አጥር ወይም ግንብ ከከለከለው እንደ ግድብ ውሃ ይቆማል። አንተ ደግሞ ቲማቲሙን የተከልኸው የት ነው? ከእንጨቱ አጥር ሥር፣ የጓሮህ ዝቅተኛው ጥግ ላይ።

ውርጭ የሚወርድበትን ሌሊት ማወቅ ከባድ አይደለም። ምድር ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሰዋለች። ደመና ካለ እንደ ጋቢ ነው፤ ሙቀቱን ይዞ መልሶ ያለብሳታል። ነፋስ ካለም ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር እያማሰለ ወደ ታች ያመጣዋል። ሰማዩ ጠርቶ፣ ኮከቡ በዝቶ፣ ቅጠል የማይነቃነቅበት ጸጥ ያለ ምሽት ከሆነ ግን ፍራ። ውበቱ ያታልላል። ስልክህ 36 ሲልህ «ከ32 በላይ ነው፣ ምንም አይል» ብለህ አትተኛ። ያ ቁጥር የሚለካው በሰው ቁመት ልክ ከፍ ብሎ ነው፤ ሣሩ ላይ፣ ችግኙ ባለበት፣ ከዚያ በብዙ ዲግሪ ዝቅ ሊል ይችላል። የአየር ትንበያው መሥሪያ ቤት ገና ከ33 እስከ 36 ሳለ ፍሮስት አድቫይዘሪ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ፍሪዝ ዋርኒንግ ካለ ደግሞ አየሩ ራሱ 32 እና ከዚያ በታች ሊወርድ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ሁለቴ ማሰብ የለም።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚስተው ነገር ልምጣ። አበባ የሚገድለው ብርዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከጃንዋሪ የሚተርፍ እምቡጥ ባልኖረ። ጃንዋሪ ላይ 10 ፋራናይት ሲሆን ዛፉ ይችለዋል፤ እምቡጡን ጨብጦ፣ ውሃውን ቀንሶ፣ ስኳሩን አከማችቶ ተዘጋጅቷልና። እኔ ገዳይ የምለው ፊት የመጣውን ሙቀት ነው። እንዲህ እንደ ቅዳሜው ያለ ቀን መጥቶ «ተነሥ» ይለዋል፤ እምቡጡ ይለሰልሳል፣ ውሃ ይሞላል፣ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ብርድ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ በጃንዋሪ ዞር ብለህ የማታየው ዓይነት። የተከፈተውን አበባ ግን ይበቃዋል።

በሚቀጥለው ሳምንት ቤተሰብህን ይዘህ የቼሪ አበባ ለማየት ዋሽንግተን፣ ታይዳል ቤዚን ልትወርድ እንደሆነ ነግረኸኛል። ሂድ። ስትሄድ ታሪኩን ለልጅህ ንገረው፤ የቼሪ ዛፎቹን የሰጠችው የቶኪዮ ከተማ ናት። መጀመሪያ በ1910 የመጡት 2,000 ዛፎች ተባይ ተገኝቶባቸው ተቃጠሉ። ስጦታ ሲቃጠልበት የሚቀየም ሰው አታጣም፤ ጃፓኖቹ ግን በ1912 3,020 ዛፍ መልሰው ላኩ። የእነዚያን ዛፎች የ2017ቱን ነገር ደግሞ እኔ ልንገርህ፤ ለአበባ ሥራ ሰው ትምህርት ቤት የሆነ ዓመት ነበር። ፌብሩዋሪው እንደ ሜይ ሞቀ። የፓርኩ ሰዎች አበባው በማርች አጋማሽ ይፈካል ብለው ተናገሩ፤ እንግዳ ትኬቱን ቆረጠ። ማርች 14 ላይ በረዶ ወረደ፤ በዚያ ሰሞን ሌሊቱ እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ ዘለቀ። ዮሺኖ የሚባለው ዋናው ዝርያ ግማሽ ያህል አበባውን አጣ።

ግማሹን ብቻ ለምን? እዚህ ላይ ልብ በል። የሞተው ቀድሞ ነጭ ሆኖ ያበጠው፣ ዛሬ ነገ እፈነዳለሁ የሚለው እምቡጥ ነው። ወደ ኋላ የቀረው፣ ገና አረንጓዴ የነበረው፣ ያንን ሁሉ ሌሊት ችሎ ማርች 25 ላይ አበበ። ክዋንዛን የሚባለው፣ አበባው ድርብርብ ሮዝ የሆነው ሌላው ቼሪ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነው የሚያብበው፤ እሱን ነገሩ አልነካውም። የፍራፍሬ ገበሬዎች ይህን በቁጥር ይዘውታል። የቼሪ እምቡጥ ማበጥ ሲጀምር ከ20 ፋራናይት በታች ቢወርድም አብዛኛው ይተርፋል። አበባው ተከፍቶ ሳለ 28 ላይ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ግን ከአሥሩ አንዱ ይሞታል። 25 ላይ ከአሥሩ ዘጠኙ። በአንዱና በዘጠኙ መሐል ያለችው 3 ዲግሪ ናት። ስለዚህ «አንድ ሁለት ዲግሪ ምን ያመጣል?» የሚል ሰው ስትሰማ አበባ አብቅሎ እንደማያውቅ ዕወቅ።

ዛፉን ሞኝ አትበለው። ዛፍ ይቆጥራል። ከመከር ጀምሮ ብርድ ላይ ያሳለፈውን ሰዓት ይደምራል፤ ብዙዎቹ የኮክ ዝርያዎች ከ700 እስከ 1,000 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ። ያ ሳይሞላ ሁለት ቀን ቢሞቅ አይነሣም። ለዚህ ነው አፕል ቆላ ወርዶ የማይሆንለት፤ የጨንቻ አፕል ምሥጢርም ቁሩ ነው። ሰዓቱ ከሞላ በኋላ ግን ዛፉ የሚጠብቀው ሙቀትን ብቻ ነው፤ በዚህ አካባቢ በፌብሩዋሪ ብዙው ዛፍ ቆጥሮ ጨርሷል። መቼ ተኝቶ መቼ እንደሚነሣ ያውቃል፤ የመጨረሻው ውርጭ ቀን መቼ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ ግን የለውም። አንተ አለህ። ካላንደር አለህ፣ ስልክ አለህ፣ ጎረቤት ደግሞ እኔ አለሁ።

ሌላ ምሳሌ ብትፈልግ የ1999ኙን ፋሲካ አስታውሳለሁ፤ በፈረንጆቹ 2007 ነው። የእኛም የነሱም ትንሣኤ ኤፕሪል 8 ቀን አብሮ ዋለ። ማርች ሙሉ በሙሉ ሞቆ ነበር፤ ኮኩም አፕሉም ቀድሞ አበበ። በፋሲካው ሳምንት ከሰሜን የወረደው ብርድ ከመካከለኛው አገር እስከ ደቡብ ምሥራቁ ጠራርጎ መታው፤ ስንዴው እንኳ አልቀረም። በጠቅላላው ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ነበር። እኛ በነጠላ ቅዳሴ ቆመን ያደርን ሰዎች ስንወጣ ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ ነው ወደ መኪናችን የሮጥነው። ሥራ ስገባ ማግኖሊያዎቹ ሁሉ ቡናማ ሆነው፣ የተጠቀሙበት ሶፍት ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀለ መስለው ጠበቁኝ።

ማግኖሊያን ካነሣሁ አይቀር፣ አበባ ሁሉ ብርድን እኩል አይፈራም። ባለቤትህ አንድ ጠዋት ዳፎዲሎቹ መሬት ላይ ተኝተው ብታይ ደንግጣ ትነቅላቸው ይሆናል። ብርድ ሲመታቸው አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲሞቃቸው እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ተነሥተው ይሰለፋሉ። ስኖድሮፕና ክሮከስ በረዶ ሰንጥቀው የሚወጡ ናቸው፤ ስለነሱ እንቅልፍ አትጣ። ፓንዚም ጠንካራ ነው። ማግኖሊያ አበባውን ያጣል፣ ዛፉ ግን ምንም አይሆንም፤ የአንድ ዓመት ሐዘን ነው። ሃይድሬንጃ ነገሩ ይለያል። አንተ የገዛኸው ዓይነት የዘንድሮን እምቡጥ የቋጠረው አምና በመከር ነው፤ ያ እምቡጥ በውርጭ ከሞተ ቅጠሉ ይለመልማል፣ አበባ ግን አታይበትም። ሰው ከዚያ በኋላ ማዳበሪያ ይጨምርበታል፣ ይበልጥ ቅጠል ይሆናል፣ ሰውየውም ይበልጥ ይናደዳል። አሁን አብቦ የገዛኸው ሞቃት ቤት ውስጥ ተገፍቶ ያበበ ነው፤ ውጭውን ብርድ አያውቀውም።

ከአገር ቤት አትክልት ጤና አዳም ትችላለች፤ የእኔዋ ሰባት ክረምት አሳልፋለች፣ ክረምት ስል የበረዶውን ማለቴ ነው። ጎመን እንዲያውም ውርጭ ሲመታው ይጣፍጣል፤ ብርዱ ስኳር እንዲያከማች ስለሚያስገድደው ነው። ጎመንህን ዛሬውኑ ዝራ፤ ሰላጣም እንደዚያው። በሶብላ ግን 40 ዲግሪ ራሱ ያጠቁረዋል። ቲማቲምና ቃሪያም የሙቀት አገር ልጆች ናቸው፤ ባይሞቱ እንኳ ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ኩርምት ብለው ይቀመጣሉ። በማርች የተከለና በሜይ የተከለ ሁለት ጎረቤት ብታይ፣ ጁን መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ የኋለኛው ይቀድማል። ይህን በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ይህን አውቀህም አንዳንድ ጊዜ ብርዱ ይቀድምሃል። ያኔ የምታደርገው ይኸውልህ። ቀን ላይ አፈሩን አጠጣው፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ቅጠሉን አታርስ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሸፍነው፤ ከመሸ በኋላ የምትሸፍነው ያመለጠውን ሙቀት አይመልስልህም። የምትሸፍነው በአንሶላ፣ በብርድ ልብስ፣ ባረጀ ጋቢ ነው፤ ፕላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን የነካው ቦታ ሁሉ ይቃጠላል፣ ስለዚህ በእንጨት አንሥተህ አርቀው። ጨርቁ መሬት ድረስ መድረስ አለበት። እንደ ሻሽ ጭንቅላቱ ላይ ብቻ ጠምጥመህ ግንዱን ራቁቱን የምትተው ከሆነ ምንም አልሠራህም፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከአፈሩ ነው። ዳሩ ላይ ድንጋይ ጫንበት። አሮጌው ዓይነት የገና መብራት፣ ሲበራ እጅ የሚያሞቀው፣ ከሥሩ ብታደርግ ይረዳል፤ የዛሬዎቹ ኤልኢዲዎች ግን አይሞቁም፣ ለጌጥ ብቻ ናቸው። ጠዋት ፀሐዩ ሞቅ ሲል ግለጠው፣ አለዚያ ውስጡ ይበስላል። አንተ ከሌሊት ሥራ ገብተህ ትተኛለህና ይህችን ለባለቤትህ አደራ በላት።

በፍራፍሬ እርሻ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲረጩ አይተህ ይሆናል። እውነት ነው፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ሙቀት ይለቃል፣ በላዩ ላይ ውሃ እስከተጨመረበት ድረስ የተጠቀለለው እምቡጥ 32 አካባቢ ይቆያል። አንተ ግን በጓሮ ጎማ አትሞክረው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደክሞህ ካቆምህ ቁሩ ይበልጥ ይጸናበታል፤ ካልሸፈነው ሰው የከፋ ጉዳት ታደርሳለህ።

እንግዲህ የኔን ስሕተት ልናገር። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ያደረግሁት ስለሆነ ያሳፍረኛል። የበለስ ዛፍ ነበረኝ፤ ቁልቋሉን ማለቴ አይደለም፣ ፊግ የሚሉትን። ከግድግዳው ሥር ለዘጠኝ ዓመት ያሳደግሁት ነው፤ ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና ከሱ ሥር ነበር ቡና የምታፈላው። አንድ ዓመት ኤፕሪል ላይ ቅጠሉ የጣት ጫፍ ሲያክል ውርጭ መታው። ባንድ ሌሊት ጠቆረ። በማግስቱ መጋዝ አንሥቼ ከሥሩ ቆረጥሁት፤ ጉቶውንም ቆፍሬ አወጣሁ። የሞተ ነገር ዓይኔ ሥር እንዲቆም አልፈለግሁም፤ ያ ዓመት ሌላም ሐዘን ነበረብኝ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጣሊያናዊ ሽማግሌም በለስ ነበረው፤ እኩል የተመታ። እሱ ምንም አላደረገም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲያየው ከረመ። በሜይ ማብቂያ ከግንዱ አዲስ ቅጠል ወጣ፤ በሴፕቴምበር ሳህን ሙሉ በለስ አመጣልኝ። ተቀብዬ አመሰገንሁ። በሩን ዘግቼ ስንቱን እንደበላሁና ስንቱ ጉሮሮዬ ላይ እንደቆመ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለዚህ ከውርጭ በኋላ ባለው ጠዋት መቀስ አትያዝ። የተቃጠለው ቅጠል ራሱ ለታችኛው ከለላ ነው፤ ሌላ ቀዝቃዛ ሌሊት ሊመጣ ይችላልና ይቆይ። መሞቱን ማወቅ ከፈለግህ ቅርፊቱን በጥፍርህ ትንሽ ፋቅ አድርገው፤ ከሥሩ አረንጓዴ ካየህ አለ። እምቡጥም ቢሆን አንዱን ለሁለት ሰንጥቀህ መሐሉን እይ፤ ዳር ዳሩ አምሮ መሐሉ ከጠቆረ ፍሬ አይሰጥህም፣ አረንጓዴ ከሆነ ተርፏል። ሦስት አራት ሳምንት ሳይሞላ ግን ፍርድ አትስጥ። ማዳበሪያም አትጨምርበት፤ የታመመን ሰው ጥሬ ሥጋ እንደማብላት ነው።

መቼ ልትከል ካልኸኝ፣ እዚህ ያሉ ሽማግሌዎች «ማዘርስ ዴይ ሳይደርስ ቲማቲም መሬት አይነካም» ይላሉ፤ የሜይ ሁለተኛው እሁድ ነው። እኔ የምቆጥረው በልደታ ነው። ግንቦት ልደታ ሜይ 9 ይውላል። አጋጣሚ ነው፣ ግን ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። እናቴ ዛፍ ሥር ንፍሮ ይዛ፣ ከጎረቤት ጋር ተቀምጣ የምትውልበት ቀን፣ እዚህ ሜሪላንድ ላይ ቲማቲም የሚተከልበት ቀን ሆኖ አገኘሁት። ዋሽንግተን ከተማ መሐል፣ ወንዙ አጠገብ ውርጭ ቀደም ብሎ ያበቃል፤ እኛ ወዳለንበት ወደ ሞንትጎመሪ ስትወጣ ግን እስከ ኤፕሪል ማብቂያ ሊዘልቅ ይችላል። ልደታ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሰላም ነው። ሁልጊዜ አይደለም፤ በ2020 ልክ በልደታው ሰሞን ብርድ ወርዶ የቨርጂኒያን የወይን እርሻዎች መታቸው። በዚያ ዓመት እኔም ቲማቲሜን በጋቢ ጠቅልዬ አሳድሬያለሁ፤ የሚያየኝ ሰው ሕፃን አስተኛሁ ብሎ ሳይጠረጥር አይቀርም።

የኮክ ዛፍ መትከል እንደምትፈልግ ባለቤትህ ነግራኛለች። ትከል፤ ግን ፀሐይ በሚበዛበት በደቡቡ ግድግዳ ሥር አይሁን። እዚያ በፌብሩዋሪ ሙቀቱ ቀድሞ ይቀሰቅሰዋል። ከቤቱ ከፍ ብሎ ያለው የሰሜኑ ተዳፋት ይሻለዋል፤ ጥቂት ቀን ያዘገየዋል፣ ያቺ ጥቂት ቀን ፍሬ ናት። ሥሩን በእንጨት ፍቅፋቂ ብትሸፍነው ጥሩ ነው፤ ዝርያ ስትመርጥም ዘግይቶ የሚያብበውን ጠይቅ። የሚሸጥልህ ሰው «ሁሉም አንድ ነው» ካለህ ሌላ ቦታ ሂድ። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፤ ድሮ አብረውኝ የሠሩ ልጆች አሁንም አሉ።

ይህን ስጽፍ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ የጎረቤት ባንዲራ አይንቀሳቀስም፣ ስልኬ ለሌሊቱ 36 ይላል። ወደ ሥራ ሳትወጣ በሶብላውንና ሃይድሬንጃውን ወደ ጋራዥ አስገባ፤ ቲማቲሙንና ቃሪያውን ሸፍናቸው። አንሶላ ካነሰህ ደጄን አንኳኳ። ሁለት ትርፍ ጋቢ አለኝ።